ጓደኛዬን ጃይፑር ላይ እንዳስገደፍኩት

ሕንድ የጾመኛ ገነት ናት ብዬ ጓደኛዬን ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ አረጋውያንን የሚንከባከብ ሰው ነው። እህቱ ከቀዶ ሕክምና በሰላም ብትነሳ ሁዳዴን አንዲት ቀን ሳይገድፍ ሊጾም ተስሎ ነበር። ተነሳች። እኔ ጾም ከተውኩ ዘመን ያስቆጠርኩ፣ ኦክላንድ ቁጭ ብዬ ስለ ሕንድ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው፣ «አገሩ ሥጋ አይበላም፤ ምን ያስጨንቅሃል?» አልኩት። ከሁሉ የረከሰውን ሆስቴል ቡክ አድርጌ፣ ቦርሳችንን አዝለን ጃይፑር ገባን።

ሆስቴሉ ራሱ መከራ ነበር። በአንድ ክፍል ስምንት ሰው፣ ከራስጌዬ የማላውቀው ሰው እግር፣ ትራሴ ላይ የሌላ ሰው ፀጉር፣ በሩ የማይገጥም ሽንት ቤት። የባሱት ግን እንግዶቹ ነበሩ። ከሀብታሞቹ ከተማ ከኩፐርቲኖ የመጣ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ ውሻው እንኳ ከእኔ የተሻለ ሐኪም አለው። የባጃጅ ሾፌር ማስቲካ በማይገዛ ሳንቲም ሲያስለምን ይውልና ቁርስ ላይ እንደ ጀብዱ ይተርከዋል። ድህነት ለእነሱ ሁለት ሳምንት የሚለበስ ሰፊ ሱሪ ነው። ለእኔም ያው ነበር፤ ይህም ያስጠላኛል።

ምግቡ ግን ግሩም ነበር። ጓደኛዬ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይና ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ምስሩን በቂጣ እየጠቀለለ፣ «እውነትህን ነው ፈላስፋው! እንዲህ ከሆነማ ዓመቱን ሙሉ ይጾማል» ይለኛል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ውኃ ልቀዳ ወጥ ቤቱ ገባሁ። አብሳዩ ምስሩ ላይ የቀለጠ ቅቤ በጭልፋ ይገለብጣል። ቂጣውንም በዚያው ይቀባል። ሥጋ ከሌለበት ጾም ነው ያልኩት እኔ እንጂ አብሳዩ አይደለም።

ያን ጊዜውኑ መናገር ነበረብኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳህኑ ሲመጣ ግን ጓደኛዬ አማተበ፣ እኔም ዝም ብዬ አብሬው ቆረስኩ። አራት ቀን የተበላ ላይ አንድ ቢጨመር ምን ይሆናል ብዬ። የነገርኩት በማግሥቱ ጠዋት ነው።

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ትናንት አብረኸኝ በልተሃል።»

«ጾም እኮ የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም…»

«ተወኝ! እሱን እዚያው ለመጽሐፎችህ።»

የንስሐ አባቱ ያሉበት ኦክላንድ ገና እየመሸ ስለ ነበር ደወለላቸው። እንድሰማ ብሎ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው።

«ሳታውቅ የበላኸው ቀላል ነው ልጄ፤ ጾምህን ቀጥል» አሉት። «እያወቀ ዝም ያለህ ማነው?»

«አያውቁትም አባቴ። ቤተ ክርስቲያን አይመጣም።»

«እሱስ ይምጣ እንጂ!»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ አራት ሙዝ ገዝቶ መጣ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፣ አማተበ፣ እየላጠ አራቱንም በላ። ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ «እንብላ» ሳይለኝ ሲበላ ያየሁት ያን ቀን ነው።