ከስፌት መኪናው ድምፅ በታች

እኔ ሃይማኖቴን የተማርኩት በሹክሹክታ ነው። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላ ምእመኑ በየቤቱ ተበተነ፤ ለእኔ የደረሰኝ በተክለ ሃይማኖትና በመርካቶ መካከል ያለ አንድ ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ነበር። ባለቤቱ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ቀድሞ በአደባባይ ይሰብኩ የነበሩ ሰው ናቸው። ከመጋረጃው ወዲህ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ወደየአገራቸው ተመልሰው ቤተ ክርስቲያን የሚተክሉ ሰዎችን ያሠለጥናሉ። እኔ ቁልፍ እሰፋለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ ደጁንም እጠብቃለሁ።

ሠልጣኞቹ ከቃሉ ጋር ስፌትም ይማሩ ነበር። በዚያ ዘመን ሥራ የሌለው ሰው በገጠር ከተማ ከታየ ለምን መጣህ ይባላል። የስፌት መኪና ይዞ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የተቀመጠን ሰው ግን ማንም አይጠይቀውም፤ እንዲያውም ሰዉ ራሱ ይመጣለታል። ጋሼ እንደሚሉት፣ ልብስ ሊያሰፋ ክንዱን ዘርግቶ የቆመ ሰው የቤቱን ችግር ሳያወራ አይሄድም።

ሕጉ አንድ ነበር፤ የማንም ድምፅ ከስፌት መኪናው ድምፅ በላይ አይወጣም። አንዱ መኪናውን ይረግጣል፣ ሌላው ያስተምራል። ክር ከተበጠሰ አስተማሪው የሚያነብበውን ጥቅስ እመሃል ላይ ትቶ ዝም ይላል፤ ክሩ እስኪገባ አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን። መዝሙር በከንፈር ብቻ ነው፤ ጭብጨባም በሁለት ጣት። ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ የምትኖረው የወሎ ሙስሊም ጎረቤታችን ነገራችንን ሁሉ ታውቃለች። የአብዮት ጥበቃዎች ወደ ሰፈሩ ሲገቡ ልጆቿን ጮክ ብላ መቆጣት ትጀምራለች፤ እኛም ወዲያው ጨርቅ ማንሳት እንጀምራለን።

ይህ ሁሉ ለጥንቃቄ ነበር፤ ጥንቃቄውም ብዙ ሰው አትርፏል። ግን እየቆየ ሳናውቀው ጥንቃቄው ራሱ ሃይማኖት ሆነብን። ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ኃጢአት የሠራ ይመስለን ጀመር። አንዲት እህት ብታስነጥስ እንኳ ንስሐ ግቢ በሚል ዓይን እናያት ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን የሚስቅ አልነበረም።

ከሠልጣኞቹ አንዱ የጎጃም ሰው ነበር። ሥራ ፍለጋ መጥቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ጭነት ሲያወርድ ቆይቶ እኛ ዘንድ ያመነ፣ ዝምተኛ፣ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ምሥራቹን ለዘመድ እንዴት እንደሚነግሩ ሲያስተምሩ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ እናቴ ጆሮዋ አይሰማም» አለ። «ካልጮኹላት አትሰማም። ለሷ እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት?»

መኪናውን የሚረግጠው ሰው እግሩን አቆመ። ጋሼ ማንበብ ትችል እንደሆነ ጠየቁት፤ አትችልም። ራቅ ወዳለ ሜዳ ቢወስዳትስ? አሮጊት ናት፣ ከደጇ አትርቅም። ጎረቤትስ? ከአጥሯ ቀጥሎ ያለው ቤት የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ቤት ነው። ጋሼ ብዙ አሰቡ፤ በመጨረሻ ከሌሎቹ እንዲጀምርና እሷን ቀን እስኪወጣ እንዲያቆያት ነገሩት።

«ቀኑ እስኪወጣ እሷ ትኖራለች?» አላቸው።

ጋሼ ወደ መቀሳቸው ተመለሱ። በዚያ ቀን ተቀየምኳቸው፤ ልበ ደንዳና መሰሉኝ። ያሠለጠኗቸው ሰዎች በየወህኒው መሆናቸውንና ጋሼ በየማለዳው ስለነሱ የሚያለቅሱ መሆናቸውን እያወቅሁ ነው የተቀየምኳቸው። ሰውየውን ግን የስፌት መኪናውን ራስ በብርድ ልብስ ጠቅልለን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘነው።

ከዚያ በኋላ ወሬው አልፎ አልፎ በነጋዴ አፍ ይደርሰን ነበር። ገበያ ላይ ይሰፋል፣ ደህና ነው፣ የሚባለው ይኸው ብቻ። አንድ ቀን ግን ክፉ ወሬ መጣ፤ በጠራራ ፀሐይ እየጮኸ ሰብኮ ተይዟል ተባለ። ጋሼ መቀሱን አስቀመጡና ነግሬው ነበር፣ ነግሬው ነበር እያሉ ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹም መከሩ። አንድ ሰው ሄዶ የቀረ ምእመን ካለ እንዲያይ፣ ድምፃቸውንም ዝቅ እንዲያደርጉ በብርቱ እንዲያስጠነቅቅ ተባለ። የታመመ ዘመድ ልትጠይቅ የምትሄድ ሴት ስለማታጠራጥር ዕጣው ለእኔ ወጣ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለምኜ ሄድኩ።

እናቱ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባቄላ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። የሆነውን ያጫወተችኝ አብራቸው የነበረች ጎረቤታቸው ናት። ክረምቱ ሲወጣ እሳቸው በጠና ታመሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙ፣ የሰገዱ ሴት ናቸው፤ ሞትን ግን ክፉኛ ፈርተው ነበር። ልጁ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በጆሯቸው ሊነግራቸው ሞከረ። «ምን?» አሉት። ደግሞ ሞከረ። «ምን?» አሉት። ከዚያ ብድግ አለና ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ ጮኸ።

«እምዬ፣ ጌታ ይቅር ብሎሻል! አትፍሪ!»

ለምን ይቅር እንደተባሉ ጠየቁት፤ እሱንም ጮኾ ነገራቸው። የጠየቁትን ሁሉ እየጮኸ ሲመልስ ዋለ። የሰፈሩም ሰው ጩኸቱን ሲሰማ አሮጊቷ ያረፉ መሰለው። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እያለቀሰ ግቢውን ሞላው። የሞተ ሰው እንደሌለ ሲያይ ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው መውጣት ነውር ሆነበትና ተቀመጠ፤ ቁጭ ብሎም እስከ መጨረሻው ሰማ። ሊቀመንበሩም ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ሰማ። በማግስቱ ልጁን ወሰዱት። እናቱ ዳኑ። ለለቅሶ ከመጡት መካከልም በየእሑዱ እሳቸው ቤት እየመጡ የሚጸልዩ ነበሩ።

የሚጸልዩት እንዴት እንደሆነ ጎረቤቲቱን ጠየቅኳት። ጮክ ብለን ነዋ፣ አለችኝ እየገረማት፤ ባለቤቲቱ የማይሰሙትን ጸሎት በቤታቸው መጸለይ ነውር አይደለም ወይ? ጸሎት በሌላ ዓይነት መጸለይ እንደሚቻል የነገራት ሰው አልነበረም።

በዚያው እሑድ ተሰበሰቡ። እናቱ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና ከአዲስ አበባ የልጄ ሰዎች ምን ብለው ላኩሽ አሉኝ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ ብለዋል አልኳቸው።

«ምን?»

ትንሽ ከፍ አደረግኩ። እኔ ከፍ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር።

«ምን አልሽ ልጄ?»

ሁሉም ያዩኛል። የመጣሁበትን መልእክት ለማድረስ መጮህ ነበረብኝ፤ መጮህ አቁሙ ብዬ መጮህ። በዚያች ቅጽበት በጋሼም፣ በሽማግሌዎቹም፣ በራሴም አፈርኩ። ይህ ሰው ለእናቱ ሲል ወህኒ ወርዷል፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አንዲት ቃል ላሰማቸው አልቻልኩም። ተነሣሁ።

«ሰላም ብለዋችኋል፣ እማማ!» ብዬ ጮኽኩ። «እንጸልይለት ብለዋል!»

«እንዲህ በይኛ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «በይ ጸልዪ፣ እየሰማሁ ነው።»

ልጃቸው የሚፈታው እሳቸው ከተቀበሩ በኋላ እንደሆነ ያን ዕለት ማናችንም አናውቅም ነበር። ስሙን ጠርቼ፣ እንባዬ እየወረደ፣ አጥር ማዶ ሊቀመንበሩ እየሰማኝ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው ጮኼ ጸለይኩ።