በቶማስ ስም የተከፈለ ግብር

ልጅ እያለሁ ሐምሌ ሲገባ ግቢያችን ሰው አይጠፋበትም ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ካርዳችንን ተቀብለን፣ ቀኑን ሙሉ የሰፈራችን የሲቀላ አቧራ ላይ ስንንከባለል የምንውልበት ወር ነው። ከሐይቁ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ የዓሣና የእርጥብ ሣር ሽታ ይዞ ይመጣል። እናቴ በቆሎ በትልቅ ድስት ትቀቅላለች፤ የሚመጣው ሰው ብዛት አስቀድሞ አይታወቅማ። አባቴ ሴቻ፣ ዳገቱ ላይ ባለው የከተማው ክፍል፣ ግብር ቢሮ ነበር የሚሠራው። ሰዎች እዚያ ሊጠይቁት የፈሩትን ሁሉ እሑድ እሑድ ቤታችን ድረስ እየመጡ ይጠይቁት ነበር።

መፍራታቸው አይገርምም። የደርግ ዘመን ነው፤ ጠረጴዛና ማኅተም ያለበት ቤት ሁሉ ያስፈራል። ገማቾቹ ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ፣ መደርደሪያውን ያያሉ፣ "በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ" ብለው ግምት ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ባለሱቁ እንቅልፍ የለውም። አባቴ ግን ካኪ ኮቱን አውልቆ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመንግሥት ሰው አይመስልም ነበር። እኛ ልጆቹ እንኳ በዚያ ቀን እንቀርበዋለን።

ጥያቄዎቹ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አሉ። አንዱ ታምሞ ሱቁን ዘግቶ ከርሟል፤ የተዘጋበት ጊዜ ይቀነስልኛል ወይ ይላል። አንዱ አስተማሪ ነው፤ ከደመወዙ ላይ ግብሩ ተቆርጦ ነው የሚደርሰው፤ ሚስቱ ደግሞ ዳቦ ጋግራ ትሸጣለች፤ የሷና የእሱ ይደመራል ወይስ ለየብቻ ነው ብሎ ይጨነቃል። ያምናው ደረሰኝ ዝናብ የመታበት ሰውም አለ፤ ድጋሚ ክፈል እባል ይሆን ብሎ የረጠበውን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል። ሙዝ የምትነግድ አንዲት ሴት ጎርፍ የወሰደባትም ጭነት እንደ ገቢ ይቆጠር እንደሆነ ጠየቀች። ሰው ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ጎርፉ መቼ እንደመጣ፣ ማን እንዳየ ጠይቆ፣ ምስክር ይዛ ቀርባ ግምቱ እንዲታይላት ማመልከት እንደምትችል ነገራት። "የጠየቀ ሰው አጥፊ አይደለም" ይል ነበር ሁልጊዜ። ይህን የሚለው ቀስ ብሎ ነው፤ የፈራ ሰው በችኮላ የተነገረውን አይሰማም ይል ነበር።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። ጋሞኛ ለመናገር ያልሞከረበት ቀን የለም፤ የተሳካለት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ የምታስተረጉመው እናቴ ነበረች። የተራራው መንደር የኦቾሎ ልጅ ናት። አጠገቡ ቁጭ ብላ ጥጥ እየፈተለች አንዱን ወደ አማርኛ፣ ሌላውን ወደ ጋሞኛ ታሻግራለች። የተናደደ ሰው ሲናገር በሷ አፍ ለስልሶ ይወጣል፤ አባቴ በቢሮ ቋንቋ ሲደርቅባት ደግሞ እሷ ዘንድ ሲደርስ የጎረቤት ምክር ይሆናል። ሁለቱን ቋንቋ የምንሰማ ልጆች ልዩነቱን እያወቅን እርስ በርሳችን እንተያይ ነበር።

እኔና ታደለች፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ ደግሞ ከበስተጀርባ የራሳችን ግብር ቢሮ ነበረን። የሙዝ ቅጠል ቀደን ደረሰኝ እናደርጋለን፣ የጠርሙስ ቆርኪ ማኅተማችን ነው። ታደለች የእትዬ አስቴር ልጅ ናት፤ እትዬ አስቴር የእናቴ ያገር ልጅ፣ ባሏ ቶማስ ደግሞ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ዝቅ ብሎ ጋቢና ቡልኮ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ከሱቁ ጀርባ ራሱ ይሸምናል። እዚያ ገብተን እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያመላልስ እናይ ነበር። ቀይና ቢጫ ቁርጥራጭ ክር ይሰጠናል፣ እኛም እጃችን ላይ እናስራለን። የአዲስ ጥጥ ሽታ ሲሸተኝ ዛሬም ቶማስ ከበስተኋላዬ ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ የዘመቻ ጥሪ መጣ። ቀበሌ የቶማስን ስም ጠራ፤ ከሌሎች ጋር በካሚዮን ተጭኖ ወደ ሰሜን ሄደ። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ ቀረ። ሽመና በእኛ አገር የወንድ ሥራ ነውና ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ። እትዬ አስቴር ግን ሱቁን አልዘጋችም። ሌሊት የፈተለችውን ለኦቾሎ ሸማኔዎች እየሰጠች፣ ያሠራችውን እየሸጠች ልጇን አሳደገች። ሰው "በርቺ" ሲላት አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች፤ ስለ ቶማስ ሲያነሡባት ግን ሁልጊዜ "ሲመጣ" ነው የምትለው።

የመጀመሪያው ሐምሌ ሲደርስ እትዬ አስቴር ወደ ግቢያችን መጣች። ከሰው ጋር ተሰልፋ አልጠየቀችም፤ ሁሉም እስኪሄድ አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሰው ሲያልቅ ቀረብ ብላ በጋሞኛ ተናገረች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። እናቴ አልተረጎመችም። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። 

"ምን አለች?" አለ አባቴ።

"የሱቁ ንግድ ፈቃድ በቶማስ ስም ነው" አለች እናቴ በመጨረሻ። "ግብሩን ከፍላ ልታድስ ስትሄድ፣ ባለፈቃዱ ይቅረብ፣ ካልቀረበ ወደ አንቺ ይዛወር ብለዋታል። ስሙን ወደ እኔ ካዛወርኩት ሞቷል ማለቴ ነው ወይ? ነው የምትለው።"

እኔና ታደለች ከበስተጀርባ ሆነን ሰማን። ታደለች የያዘችውን የሙዝ ቅጠል እየሰነጠቀች ነበር። አባቴ ለጥያቄ ሁሉ መልስ ነበረው፤ ካልሆነም አንቀጽ ነበረው።  ያን ቀን ግን "ይሄን አላውቅም። ጠይቄ ልምጣ" አለ።

ቢሮው ውስጥ የሆነውን እናቴ የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ኃላፊው፣ ፈቃድ ወይ የሕያው ሰው ነው ወይ የሟች፣ መካከል የለውም አለው። በሕይወት ካለ ይቅረብ፤ ከሞተ ሚስቱ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ታምጣ፤ አለዚያ ወሩ ሲያልቅ ሱቁ ይታሸጋል። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። ያን ዕለት ግን ቆሞ፣ "ሰውየው አገር ሊጠብቅ ሄዶ፣ ሱቁን እኛ ልናሽግበት ነው?" አለ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል ወዴት እንደሚወስድ አይታወቅም። ኃላፊው ወደ በሩ አየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀበሌው ሰውየው በግዳጅ ላይ መሆኑን ከጻፈ ለአንድ ዓመት በስሙ ይታደሳል፣ ሚስቱም ልትከፍል ትችላለች አለ።

አባቴ መኪና አልጠበቀም። ከሴቻ ዳገት በእግሩ ወርዶ፣ ቤት እንኳ ሳይገባ፣ በቀጥታ ወደ እትዬ አስቴር ሱቅ ሄደ። እናቴን ለመጥራት ስላልታገሠ ራሱ በጋሞኛ ነገራት። እኔና ታደለች ከሱቁ ውጭ ስለነበርን ምን ብሎ እንደተሳሳተ አልሰማንም፤ እትዬ አስቴር ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ቶማስ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። አባቴም አብሯት ሳቀ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ እትዬ አስቴር ቀበሌ ሄዳ ወረቀቷን ታስጽፋለች። ማንበብ ስለማትችል ከቢሮው በፊት እኛ ዘንድ ታመጣውና ታደለች ታነብላታለች። "ጓድ ቶማስ በአሁኑ ጊዜ በግዳጅ ላይ ይገኛሉ" ይላል።

"ይገኛሉ ይላል?" ትላለች እትዬ አስቴር።

"ይላል፣ እማ።"

"እስቲ ድገሚልኝ።"

ታደለች ትደግምላታለች። ቀበሌው ስለ ቶማስ ከኛ የበለጠ የሚያውቀው ነገር እንዳልነበረ ለመረዳት እኛ ገና ልጆች ነበርን። አባቴ ግን ያውቅ ነበር። አንድ ጊዜ ለእናቴ፣ ሴትዮዋን የረዳኋት መስሎኝ አስሬ አስቀምጫት ይሆን ወይ ሲላት ሰምቻለሁ። እናቴም ተስፋን የፈጠርከው አንተ አይደለህም፣ አንተ ጥላ ብቻ ነው የሠራህለት አለችው።

ታደለችም በጨዋታችን ውስጥ ተለወጠች። እኔ ሠራተኛ፣ እሷ ከፋይ ስትሆን "ስም?" እላታለሁ። "ቶማስ" ትላለች። የራስሽን ነው መናገር ያለብሽ ስላት "የአባቴን ነው የምከፍለው" ትለኛለች፤ ፊቷ ኮስተር ብሎ። ከዚያ ወዲያ አልከራከራትም፤ በቆርኪው እመታላታለሁ።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ወታደሮቹ መመለስ ጀመሩ። በእግራቸው፣ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው፣ ከስተው፣ ጫማ ሳይኖራቸው። እትዬ አስቴርና ታደለች በቆሎና ውኃ ይዘው መናኸሪያው ይውላሉ፤ አንዳንዴ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። እትዬ አስቴር ለወረደው ሁሉ ትሰጣለች። ቶማስን የሚያውቅ እንዳለ ትጠይቃለች። አንድ ቀን ወደ ምዕራብ ዓባያ የሚሄድ አንድ ሰው የሰጠችውን በቆሎ ይዞ፣ ሳይበላው፣ ትክ ብሎ አያት። ከቶማስ ጋር አብሮ የዘመተ ነበር። የተቀበረበትን ቦታ ሳይቀር ነገራት። ቶማስ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር።

ኦቾሎ ላይ ተለቀሰ። እናቴና አባቴ አብረው ወጡ፣ እኔንም ወሰዱኝ። ከተራራው አፋፍ ሐይቁ ቁልቁል ይታያል፤ የለቀስተኛው ድምፅ ወደዚያ ይወርዳል። ታደለች አታለቅስም ነበር። እጄን ይዛ "የቀበሌው ወረቀት ላይ ግን..." አለችኝና ተወችው።

በዚያው ዓመት ሐምሌ መንግሥት ተለውጧል፣ ቢሮው ማን እንደሚመራው እንኳ ሰው አያውቅም፤ አባቴም ሥራው ይቀጥል አይቀጥል አልታወቀም። ሰዎች ግን እንደልማዳቸው እሑድ መጡ። ግብር አለ ወይስ ቀርቷል? የድሮው ግምት ይሠራል ወይ? አባቴ የሚያውቀውን መለሰ፣ የማያውቀውን አላውቅም አለ። እትዬ አስቴር ጥቁር ለብሳ ከታደለች ጋር መጣች። አሁን አጥሩ ሥር አልተቀመጠችም። እናቴ ልትተረጉምላት ቀና ስትል እትዬ አስቴር እጇን ክንዷ ላይ አደረገችና በተሰባበረ አማርኛዋ ራሷ ተናገረች።

"ጋሽ መኮንን፣ አሁን እኔ ስም ይሁን። ቶማስ ይረፍ።"

አባቴ ለጠያቂ ተነስቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ተነሣ። "ይሁን፣ ወይዘሮ አስቴር። ነገ አብረን እንወጣለን" አላት። በማግሥቱ ሁላችንም ወደ ሴቻ ወጣን። መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ ስሟን ሲጠይቃት፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ እስኪሰማ ተናገረች። ስንመለስ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሐይቁን ለረጅም ጊዜ አየች። ማንም አላስቸኮላትም። አባቴም የሥራ ሰዓቱን ትቶ አጠገቧ ቆመ።

ዛሬ ትልልቆቹ ሁሉ የሉም። አባቴ ከጡረታ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ እናቴ ተከተለችው፤ እትዬ አስቴር ኦቾሎ አርፋለች። ታደለች ሱቁን አስፍታ በርካታ ሸማኔ ታሠራለች፤ ስንገናኝ ጎን ለጎን ተቀምጠን ያን ዘመን እንናፍቃለን። እኔ የጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ። ግብሬን ሴት ልጄ በስልኳ ትጨርስልኛለች፤ ግራ የገባኝን ጥያቄ ስትጽፍበት መልሱ ወዲያው ይመጣል፣ ትክክልም ነው። አልጠላሁትም፤ ስንት ሰው ከሰልፍና ከፍርሃት ዳነ። ነገር ግን መልሱ አጭር ነው፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ የጠየቀው ሰው በልቷል ወይ አልበላም ብሎ አያስብም።

ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ ተሠርቷል፤ ከታች ባንክ፣ ከላይ ካፌ ነው። ሐምሌ ሲገባ እሑድ ከሰዓት እግሬ ወደዚያ ይወስደኛል። ባለፈው እሑድም ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ነበር። አንድ ባለባጃጅ ልጅ አጠገቤ አቆመና ጎንበስ ብሎ አየኝ።

"እናቴ፣ ወዴት ላድርስዎ?"

"እዚሁ ነው" አልኩት።