በዳቦ የተጠረገ ሳህን

ኦዲል ምስጋና አታምንም። ወደ ከተማችን ወደ ፈረንሳዩዋ ሊዮን የሚመጣ እንግዳ በልቶ ሊደሰት ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ደስ ባይለውም ደስ አለኝ ይላል። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የምታምነው ከጠባቧ ምግብ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ተነስቶ የሚመለሰውን ሳህን ነበር። ስጎው በዳቦ ተጠርጎ ከመጣ ስታንጎራጉር ትውላለች፤ ካልተጠረገ ታኮርፋለች። "ስጎዬን የሚጠርገው የጠፋ ዕለት ምድጃዬን አጠፋለሁ" ትል ነበር።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሥጋ ሻጭ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት የበሬ ጨጓራ ጥብስ በልቼ በወይን ጠጅ የማወራርደው እሷ ዘንድ ነው። አምና በብርዱ ወራት ኢንፍሉዌንዛ ጣላትና፣ ሲለቃት ማሽተቷንም ማጣጣሟንም ይዞባት ሄደ። ይህን የምናውቀው ባሏ ባርተሌሚና እኔ ብቻ ነበርን። ቅመሱልኝ ማለት ለእሷ ሞት ነው። እጄ ያውቀዋል ብላ ሥራዋን ቀጠለች። እጇ ግን ጨው ላይ ከዳት።

እንግዳው ሁለቴ ጎረስ አድርጎ ውኃ መጠየቅ ጀመረ። አስተናጋጁ ባርተሌሚ ሳህኑን ያነሳና፣ ወጥ ቤት ከመግባቱ በፊት መጋረጃው ኋላ ቆሞ የቀረውን ስጎ በዳቦ ጠርጎ ይውጠዋል። ደም ግፊት አለበት፤ ሐኪም ጨው ከልክሎታል።

"አንተ ሰውዬ፣ ራስህን ልትገድል ነው እንዴ?" አልኩት አንድ ቀን።

"ዝም ብለህ ጨጓራህን ብላ!" አለኝ አፉ እንደሞላ። "ምድጃውን ካጠፋች ምን ይቀራታል?"

ተናደድኩ፤ ወደ ጨጓራዬ ግን ተመለስኩ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት፣ እኔ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ ከብራስልስ የመጡ ሴትዮ ክኔል አዘዙ፤ ከዓሣ ተድቦልቡሎ በስጎ የሚሠራውን። ያን ቀን ሌላ ያዘዘው ሰው አልነበረም። ድብልብሉን እንደምንም በልተው ስጎውን ተዉት። ባርተሌሚ እንደ ልማዱ ጠርጎ ሳህኑን አስገባ። ሴትዮዋ ግን ጨዋ ሰው ናቸውና ሳይሰናበቱ መሄድ አልሆነላቸውም፤ ተከትለውት ወጥ ቤት ገቡ።

"ማዳም፣ እጅዎ ይባረክ። ስጎውን ስለተውኩት ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጨው አይስማማኝም።"

ኦዲል ሳህኑን በእጇ ይዛዋለች። ያብለጨልጫል። ሴትዮዋን ፈገግ ብላ ሸኘቻቸውና ወደ ባሏ ዞረች። ፂሙ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር።

"አንተ ነህ?"

ፍርፋሪውን ከፂሙ ጠረገ።

"ባርተሌሚ፣ ሚስትህ ነኝ እኮ። ጨው በዝቶበታል?"

"ትንሽ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የምትበላልኝ?"

"እኔ ስጎሽን እወደዋለሁ" አለ ሽማግሌው።

ምድጃውን አጠፋችው። ውጭ እንግዶች ምሳቸውን እየጠበቁ ነበር።

አሁን ቤቱ ተዘግቷል። የሚያበስለው ባርተሌሚ ነው፤ ጨው የለው፣ ለዛ የለው። እሁድ እሁድ ይጠሩኛል፤ እሄዳለሁ፤ ልቤ ተሰብሮ እመለሳለሁ። ኦዲል የምትበላው ድንች ይሁን ዓሣ አፏ አይነግራትም። ባሏ ግን አጠገቧ ቆሞ ሳህኗን ያያል። እሷም ዳቦ ትቆርስና፣ ሳህኑ እስኪያብለጨልጭ ትጠርግለታለች።