መንግሥትን የማረው አብዱልመናን

በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ ሰው ከሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠራው አብዱልመናን ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠራዋል። ዘዴው የአባቶቹ ነው፤ ካሳው ከተቆረጠ በኋላ ወደ ተበዳዩ ዞር ይልና «በል እስቲ፣ ለፈጣሪ ብለህ ቀንስለት» ይላል። ተበዳዩ ይቀንሳል። በዳዩም በሀፍረት ተነሥቶ ትከሻውን ይስመዋል፤ ከተቀነሰለትም በላይ ይጨምራል። በዚህ መንገድ ያልታረቀ ሰው አላጋጠመውም።

በጦርነቱ የመንደሩ ወፍጮ ተቃጠለ። ሴቶቹ እህል ተሸክመው ሐይቅ ከተማ ድረስ መውረድ ከጀመሩ ሰንብተዋል። መንግሥት ለተቃጠለው ካሳ ሊከፍል ነው ሲባል፣ «ካንተ ሌላ ማን ይነጋገርልናል?» ብለው አብዱልመናንን ላኩት።

የካሳውን ጉዳይ የያዘው ምንይችል የሚባል ወጣት ነበር። ሲከራከሩ ውለው ሞተሩንም ቤቱንም በሚያቆም ገንዘብ ተስማሙ። አብዱልመናን ደስ አለው፤ ደስ ሲለው ደግሞ ልማዱ መጣበት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ሩቡን ለአላህ ብለን ምረናል።»

«እርግጠኛ ነዎት አባባ?»

«ወላሂ!»

ምንይችል ኮምፒውተሩ ላይ ቀነሰ። አብዱልመናን ትከሻውን አመቻችቶ ጠበቀ። ጠበቀ።

«ጨርሰናል አባባ፤ በሰላም ይግቡ።»

ሚስቱ ዙሌይካ ወሬውን የሰማችው ከወፍጮ መልስ ወገቧን እያሸች ነው።

«መንግሥትን ማርከው?»

«ወጉ እኮ...»

«መንግሥት ከንፈር አለው እንዴ፣ ትከሻ የሚስም? ትከሻ ያለኝ እኔ ነኝ፤ እህል የምሸከምበት!»

በማግሥቱ ተመልሶ ሄደ። «ልጄ፣ ዕርቁ አልጸናም። ገና አብረን አልበላንም» አለው።

ምንይችል ሳቀ። ግን እሱም የአምባሰል ልጅ ነው፤ አያቱ ዋርካ ሥር ሲያስታርቁ እያየ አድጓል። ቅዳሜ ዕለት ሊበላ ቤታቸው መጣ።

ዙሌይካ ንፍሮ አቀረበች። አብዱልመናን ምነው መሬት በዋጠኝ አለ፤ ለእንግዳ ንፍሮ! ምንይችል ግን ዘግኖ በላና «እንግዲህ ጸና?» አለ።

«ንፍሮማ የለቅሶ ነው ልጄ» አለች ዙሌይካ። «የዕርቅ እንጀራ ዱቄት ይፈልጋል። ዱቄቱ ወፍጮ ይፈልጋል። ወፍጮውን ደግሞ ይኸው ሰውዬ ምሮላችኋል።»

ወጣቱ መዳፉ ላይ የቀረውን ንፍሮ እያየ፣ «ታዲያ ለአለቆቼ ምን ልበል?» አለ።

አብዱልመናን ወደ ዙሌይካ ዞር አለ። ዕድሜውን ሙሉ ተበዳይን ሲለምን ኖሯል እንጂ በተበዳይ ፈንታ ምሮ አያውቅም። «ሽማግሌው የራሱ ያልሆነውን ማረ በላቸው» አለ። «ተበዳይዋ እሷ ነበረች። አልጠየቅኋትም።»

ነገሩ ተጓትቶ ክረምቱን ተሻገረ፤ ቢሆንም ሩቡ ተመለሰ። ወፍጮው ሥራ በጀመረ ዕለት ምንይችል እንጀራውን ሊበላ መጣ፤ ሳይነግሩትም የዙሌይካን ትከሻ ሳመ።

አብዱልመናን ዛሬም ያስታርቃል። ከመንግሥት ጋር የሚነጋገሩበት ጉዳይ ሲመጣ ግን ዙሌይካ አጠገቡ ትቀመጣለች። እሱም አፉን ከመክፈቱ በፊት ዞር ይላል።

«ትምሪያለሽ?»

«አልምርም!»