ከሞፈር ላይ የተገኘ ክንድ

በጣሊያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ዱር ቤቴ ብሎ ሲወጣ እናቴ ማርያም ደጅ ሄዳ ተሳለች። «ልጄን በሕይወት ብትመልሽልኝ በራሱ ክንድ አሥር ክንድ መጋረጃ አገባልሻለሁ» አለች። መቼም እናቴ ስትሳልም ነገር ታወሳስባለች። «በራሱ ክንድ» ምን አመጣው? ክንዱ እሱ ጋ፣ እሱ ዱር!

የእናቴ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ነበር። ጦርነቱ ትምህርቱን ቢያቋርጥበት ደብረ ማርቆስ ገብቶ ልብስ ሰፊ ሆነ። እሱ ነው ለስለቱ የሚሆን አቡጀዴ ይዞልን መንደራችን አምበር ድረስ የመጣው።

«አራት ሜትር ተኩል ነው» አላት።

«ሜትርህን አላውቅም፤ በክንድ ንገረኝ» አለችው።

አጎቴ የራሱን ክንድ ከክርኑ እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ ለካ፤ 0.45 ሜትር ሆነ። ከምድጃው አመድ ዝቆ ወለሉ ላይ በተነና በጣቱ 4.5ን ለ0.45 ማካፈል ጀመረ። «መጀመሪያ ነጥቡን ማባረር ነው» ብሎ ሁለቱንም ነጥቦች ሁለት ሁለት ቤት ወደ ቀኝ ገፋቸው። አንዱ አራት መቶ ሃምሳ፣ ሌላው አርባ አምስት ሆኑ። መልሱ አሥር ወጣ።

«ኧረ በስመ አብ!» አለች እናቴ። «አራት ተኩል ተካፍሎ አሥር? አካፍሎ ያበዛ ጌታ ብቻ ነው፤ እሱም አምስት እንጀራ ይዞ!»

እኔም ጉድ አልኩ። እስከዚያ ቀን ማካፈል ማሳነስ ይመስለኝ ነበር። አጎቴ እየሳቀ «የምትለኪበት ካጠረ ልኩ ይበዛል» አለኝ። እኔ ደግሞ ነገር ካልገባኝ እህል አይዋጥልኝም፤ አጎቴ በመጣ ቁጥር ሒሳብ ያስተምረኝ ስለነበር አመዱ ላይ ቁጥር ስቀያይር ዋልኩ። 0.45ን ወደ 0.5 ባሳድገው መልሱ ዘጠኝ ሆነ።

ይሄኔ ደነገጥኩ። ወንድሜ ከአጎቴ ይረዝማል!

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ክንድ ነው። የእሱ ቢረዝምስ?»

እናቴ ደረቷን ደቃች። «ስለቱ ከጎደለ ልጄን ትነሳኛለች!»

የእሱን ክንድ ከየት እናምጣ? ዓይኔ ሲንከራተት ግድግዳው ጥግ የተጋደመው ሞፈር ላይ አረፈ። ወንድሜ ሊዘምት ሲል የጠረበው ነው። «ሰባት ክንድ አደረግሁት» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ገበሬ ደግሞ ሞፈሩን የሚለካው በራሱ ክንድ ነው። አጎቴ ሜትሩን ዘረጋበት፤ 3.36 ሆነ።

«በይ አንቺው አካፍይው» አለኝ።

ሦስት ለሰባት አይዳረስም፤ ዜሮና ነጥብ ጻፍኩ። ሠላሳ ሦስት አራት አራት ደረሰና አምስት ተረፈ። ስድስቷን ባወርዳት ሃምሳ ስድስት፤ ስምንት ስምንት ደረሰና አለቀ። 0.48! ወንድሜ ከዱር መጥቶ ክንዱን አመዱ ላይ ያስቀመጠ መሰለኝ፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በአሥር ሳበዛው ነጥቡ አንድ ቤት ሸሸና 4.8 ወጣ። አቡጀዴው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያጥራል።

እናቴ ብድግ አለች። የክት ነጠላዋን አውጥታ ጥለት ካለበት ጫፍ ጎዶሎውን አስቆረጠች፤ አጎቴም ቀጠለው። መጋረጃው ሳጥን ገባ።

ጣሊያን ከአገራችን ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ደጃችን ቆመ። ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል። «እማዬ» አለ። እናቴ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እኔማ ፈርቼ ከኋላዋ ተሸጎጥኩ።

እናቴ መጋረጃውን አውጥታ መሬት ላይ ዘረጋችው። «ለካ» አለችው።

ውይ እማዬ! ጉሮሮውን እንኳ ሳያርስ! ሰውየው ግራ ተጋብቶ ተንበረከከና መለካት ጀመረ። እናቴ ጣቱን ታያለች። ሥጋው አልቆ ነበር እንጂ አጥንቱ አላጠረም። አሥረኛው ላይ የመሃል ጣቱ የነጠላዋ ጥለት ጫፍ ላይ አረፈች።

ያን አጥንት ብቻ የቀረ ክንድ በሁለት እጇ ያዘችና «እሱው ነው፤ ልጄ ነው» ብላ አለቀሰች።