ለመርዶ የምሆን፣ ለትምህርት የማልሆን

ዝምተኛ ነኝ። እንዲህ ስል ሰው ሁሉ ለስላሳ ነገር እመስለዋለሁ። ዝም የምለው ስለማልናደድ አይደለም። ስናደድ ከንፈሬ ይገጥማል እንጂ አይከፈትም፤ ውስጤ ግን ሲንተከተክ ይውላል። አሁን የምጽፈው ያን ጊዜ ዋጥ አድርጌ ያስቀረሁትን ነው። ደርግም ሄደ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ፣ ንዴቴ ግን ጡረታ አልወጣም።

ባሕር ዳር ገበያ አጠገብ ጨርቅ ከሚነግድ የሙስሊም ቤተሰብ ነው የተወለድሁት። ቤታችን እንግዳ አይጠፋበትም፤ እጅ አስታጥባለሁ፣ የተጠየቅሁትን በአጭሩ እመልሳለሁ፣ ወደ ጓዳ እመለሳለሁ። ትልቅ ሰው ፊት ዓይኔን አልተክልም፣ ድምፄን አላነሳም። በዚህም «ጨዋ ልጅ» እየተባልሁ፣ ለሌሎች ልጆች ምሳሌ እየተደረግሁ አደግሁ። እናቴ በዚህ ጠባዬ የምትኮራውን ኩራት ያየ፣ አንድ ቀን ይኸው ጠባይ እንጀራዬን ያሳጣኛል ብሎ አይጠረጥርም።

የተቀጠርሁት በድሬሰርነት ነበር፤ ሐይቁ ዳር ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ፣ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ በሽተኛ ማገላበጥ። ጥቂት አልጋዎች ነበሯት። ከደሴቶቹ በታንኳ፣ ከሰባታሚት በቃሬዛ፣ ከመራዊ በአውቶቡስ የመጣ በሽተኛ ይተኛባቸዋል። ሥራዬን እወደው ነበር። ግን ነርስ መሆን እፈልግ ነበር፤ ከፍላጎትም አልፎ ሌላ ነገር አላስብም ነበር። ነርሷ «ሲስተር» ትባላለች፤ ድሬሰሯ «አንቺ» ነች። ነርሷ ስለ በሽተኛው ትጠየቃለች፣ ድሬሰሯ ትታዘዛለች። ነርስ ለመሆን ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት መላክ ያስፈልጋል፤ ለመላክም ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ቃለ መጠይቅ ማለፍ።

የመጀመሪያው ጊዜ አብራኝ የቀረበችው ባልደረባዬ ነበረች። አንድ ሰሞን ተቀጥረን፣ ከአንድ ሳህን ምሳ እየበላን የኖርን ነን። ሳቋ ከግቢው በር ይሰማል፤ ዘበኛውንም፣ ሐኪሙንም፣ በሽተኛውንም እኩል ታጫውታለች። እሷ ቀድማ ገባች። ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ የኮሚቴው ሳቅ በመስኮት ይመጣል። ስትወጣ ጉንጬን ቆንጥጣኝ፣ «ቀላል ነው፣ ዝም ብለሽ አውሪ» አለችኝ። ዝም ብዬ እንዴት እንደማወራ አልነገረችኝም።

ገባሁ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ አንድ የቢሮ ሰው፣ መሀላቸው ደግሞ ካድሬው። ይህ ካድሬ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ስለ ሕክምና አንዲት ነገር የማያውቅ፣ መርፌ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ነርስ የሚመርጠው ግን እሱ ነበር።

«በውይይት ክበብ ድምፅሽን ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። «ለምንድነው?»

«ሌሎች ይናገራሉ፤ እኔ አዳምጣለሁ» አልሁ፣ ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ።

«ቀና በይ እንጂ ጓዲት! ምን የምትደብቂው ነገር አለ?»

ቀና አልሁ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ኃላፊው ነገሩን ሊያለዝብ ብሎ የሥራ ጥያቄ አመጣ፦ «አንድ ልጅ ቢሞትና እናቱ ውጭ ተቀምጣ ብታገኚያት ምን ትያታለሽ?»

ይህን አውቀዋለሁ። በአገራችን መርዶ እንዲህ በመንገድ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ትልቅ ሰው ይፈለጋል፣ ሐዘንተኛዋ በምትደገፍባቸው ሰዎች መካከል ሆና ትሰማለች። ብቻዋን ለተቀመጠች ሴት ልጅሽ ሞተ ማለት ገደል አፋፍ ላይ ገፍትሮ መሄድ ነው።

«ምንም አልላትም» አልሁ። «ዘመዷ እስኪመጣ አብሬያት እቀመጣለሁ።»

ካድሬው ወደ ኋላ ተለጥጦ ሳቀ። «ምንም አልላትም! ስሙልኝ፣ ምንም አልላትም!» የቢሮው ሰው አብሮት ሳቀ። ባልደረባዬ ለዚሁ ጥያቄ ስለ ጽናት፣ ስለ ነገው ትውልድ፣ እናቲቱን እንዴት እንደምታነቃት ረዥም ንግግር አድርጋ እንደነበር በኋላ ራሷ እየሳቀች ነገረችኝ። እሷ ተላከች። ለእኔ የተነገረኝ «ባሕርይዋ ዝግ ነው፣ ለነርስነት አይመችም» የሚል ነው። ዝግ! ሱቅ ነኝ እንዴ?

ቤት ገብቼ ለእናቴ አልነገርኋትም። ምን ልበላት? አንቺ ያሳደግሽኝ አስተዳደግ ጥፋት ሆኖ ተገኘ ልበላት?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ነው ደሜ የሚፈላው። ወር ሳይሞላ አንድ ታማሚ ሞተ፣ ሚስቱ ደጅ ተቀምጣለች፣ የሚቀርባት ጠፋ። ኃላፊው ራሱ መጥቶ፣ «አንቺ እስኪ ውጪና አብረሻት ሁኚ፤ ያንቺ ዝምታ ይሻላል» አለኝ። ያ ኮሚቴ ላይ የተሳቀበት ዝምታ! ወጣሁ፣ ተቀመጥሁ። በሌላ ጊዜም ተጠራሁ፤ ከዚያ ልማድ ሆነ። ሰው በሞተ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። ካድሬውም እንኳ፣ ልጁ ጦር ሜዳ ላይ የወደቀበት አባት አጠገብ እንድቀመጥ አንድ ቀን አስጠርቶኛል፤ ንግግሩን ይዞ እሱ አልቀረበም።

ይህ ሥራ ፊት ይጠይቃል። ደጅ ከምትጠብቀው ሴት ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ። የመጣችበትን መንገድ፣ ቤት የተወቻቸውን ልጆች እጠይቃታለሁ። ይድናል አልልም፣ ውሸት ነው። ሞቷልም አልልም። ከሁሉ በላይ ፊቴ አይናገርም፤ ሴቶቹ የሚያነቡት ፊት ነውና። ዘመድ ደርሶ ዙሪያዋን ሲከቧት ብቻ እጄን ከእጇ አላቅቄ እነሳለሁ። ለዚህ ማንም ሲስተር አላለኝም።

ባልደረባዬ ተምራ፣ ነጭ ቆብ አድርጋ ተመለሰች። በሽተኛ ፊት ሲስተር እላታለሁ፣ ምሳ ላይ በስሟ። ክፋት የለባትም፤ ነገር ግን ሰው ሲሞት ከክፍሉ ወጥታ እኔን ፍለጋ ትሮጥ ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አፏ አይረዳትም፣ ታውቀዋለችም። ዓመታት አልፈው የነርሶቹ ኃላፊ ሆነች። ሁለተኛው የትምህርት ዕድል መጥቶ ኮሚቴ ፊት ስቀርብ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ከካድሬው ጎን የተቀመጠችው እሷ ነበረች። ደስ አለኝ። ይህን ጊዜስ የሚመሰክርልኝ አገኘሁ ብዬ።

ካድሬው ጸጉሩ ሸሽቷል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው። «ካለፈው ወዲህ ተለውጠሻል? እስቲ ራስሽን ሂስ አድርጊ። ዝምተኝነትሽን አሸንፈሻል?»

ወደ ባልደረባዬ አየሁ። ጥፍሯን ታያለች። ያቺ ምላሷ የማይታጠፍ፣ ስለ ማንም ስለ ምንም ለመናገር ቃል የማይጠፋት ሴት፣ ጥፍሯን ታያለች።

ከንፈሬ ተከፈተ።

«ምን ብዬ ልለወጥ?» አልሁ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። «ሰው በሞተ ቁጥር የምትጠሩት ማንን ነው? እርስዎስ፣ ጓድ፣ ያን አባት ማን ዘንድ ጥለውት ነው የሄዱት? ዝምታዬ ለመርዶ ከሆነ ለትምህርት የማይሆነው ስለምንድነው? እዚህ የተቀመጠችው ታውቃለች፤ ለምን አትናገርም?»

ድምፄ ውጭ ድረስ ተሰምቷል። ተራ የሚጠብቁ በሽተኞች በመስኮት ያዩኝ ነበር። ካድሬው ብዕሩን አስቀመጠ። አልተቆጣም፣ እንዲያውም ፈገግ አለ።

«ግልፍተኛ ነሽ» አለኝ። «ነርስ ትዕግሥት ያስፈልጋታል።»

በቃ። ዝም ስል ዝግ፣ ስናገር ግልፍተኛ። እኔ የምገባበት በር በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደተሠራ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወደ ሐይቁ በሚያወጣው የጓሮ በር ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ጋዋኑን አውልቄ ውሃው ውስጥ ልወረውረው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

ባልደረባዬ ተከትላኝ መጣች። ልትለምነኝ መስሎኝ ነበር። ራቅ ብላ ቆመች። «ያች ልጇን ከመራዊ ይዛ የመጣችው እናት፣ ልጁ አሁን አረፈባት» አለችኝ። «ብቻዋን ነች። ወንድሟ በከሰዓቱ አውቶቡስ ይመጣል ተብሏል። እባክሽ፣ ካንቺ በቀር…»

ልመታት ቃጣኝ። እውነቴን ነው፣ እጄ ተነስቶ ነበር። «ለዚህስ ግልፍተኛ አይደለሁም?» አልኋት። አለቀሰች። ልቅሶዋ አላሳዘነኝም፤ ተነስቼ የሄድሁት ለእሷ ብዬ አይደለም።

ሴትዮዋ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ተቀምጣ የነጠላዋን ጥለት ትፈትላለች። እንደ ልማዴ ዝቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ፊቴን ግን ያን ቀን ማለሳለስ አቃተኝ። መንጋጋዬ ተቆልፏል፣ ግንባሬ ተቋጥሯል፤ ይሰማኛል፣ ላላላው አልቻልሁም። ገና ስታየኝ ደነገጠች። አወቀች አልሁ በልቤ።

አላወቀችም። ከአግዳሚው ወርዳ ጉልበቴን ያዘች።

«ሲስተር፣ አይቆጡኝ» አለችኝ። «ዘግይቸ ነው ያመጣሁት፣ አውቃለሁ። አባቱ ጠበል ይቅደም ቢለኝ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጁን አይተውብኝ።»

የገጠር እናቶች እኛ ዘንድ ሲመጡ የሚያገኙት ቁጣ ነው፤ ለምን ዘገየሽ፣ ለምን ቆሸሸ፣ ለምን ዝም አልሽ። የተቆጣ ፊት ስታይ ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች፤ እንዲህ አስለምደናቸዋል። ብብቷ ሥር ይዤ አነሳኋትና አጠገቤ አስቀመጥኋት።

«አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አልሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማ። «የተቆጣሁት በአንቺ አይደለም።»

«ታዲያ በማን ነው?» አለችኝ።

እጇን ይዤ፣ ወንድሟ ከመራዊ እስኪደርስ አብሬያት ተቀመጥሁ። በዕድሜዬ ከልቧ ሲስተር ብላ የጠራችኝ ያቺ ሴት ብቻ ነች፤ የጠራችኝም ልጇ ከጀርባዬ ክፍል ተሸፍኖ ተኝቶ ሳለ፣ እነሱ ላጠቆሩት ፊቴ ይቅርታ ስትለምን ነው። ትምህርቱን ስለከለከሉኝ አንድ ቀን ይቅር እላቸው ይሆናል። ያቺ እናት ጉልበቴን የያዘችበትን ግን ይቅር አልላቸውም።