ሽቦው ወድቆ ወረፋ ስንጠብቅ

ደብረ ታቦር ዳርቻ፣ ከትምህርት ቤቱ ወደ ሰፈራችን በሚያመጣው መንገድ ላይ የመብራት ሽቦ የወደቀው በግንቦት ነው። ረፋድ ላይ የተነሳው ነፋስ ምሰሶውን አጋደለው፤ ሽቦው ጭቃው ላይ ተጋድሞ ጫፉ እሳት ይተፋል። በስድስት ሰዓት ልጆች ይለቀቃሉ፤ ሁሉም የሚመጡት በዚያች ቀጭን መንገድ ነው።

አባቴ ዱላቸውን አግድመው መንገዱን ያዙ። እኔ የመብራት ኃይል የጥሪ ማዕከል ጋ ደወልኩ። አንዲት ለስላሳ ድምፅ «ውድ ደንበኛችን» አለችኝ። ውድ መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ለብልሽት ሦስትን ይጫኑ ስትል ተጫንኩ፤ ሙዚቃ ለቀቀችብኝ። ሃያ ደቂቃ ሰማሁት፤ ከዚያ ተቋረጠ።

እንደገና ደውዬ ገና ስትጀምር የጎረቤት ላም ወደ ሽቦው ስታዘግም አየሁ። ስልኩን ለአባቴ ሰጥቼ «አባየ፣ ሦስት ቁጥርን ይጫኑልኝ» ብዬ ሮጥኩ። ላሚቱን መልሼ ስመጣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ እንደምን አላችሁ?» ይላሉ።

«ሦስትን ተጫኑ ወይ?»

«ዝም በይ አንች! ሰው እየተናገረ እንዴት አቋርጣለሁ?»

በአባቴ ዘንድ ተናጋሪን ማቋረጥ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ነገሩን ሳይጨርስ ማንም ትንፍሽ አይልም። ልጅቱ ግን ምርጫዋን ሦስቴ ደግማ ዘጋችው።

«ሳትሰናበተኝ!» አሉ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «የማን ልጅ ናት?»

«ማሽን ናት፣ አባየ። ሰው አይደለችም።»

እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «ልጆቻችን ሊሞቱ ነው፤ እነሱ ማሽን አቁመውልናል?» ብለው መሬቱን በዱላ መቱና «ኡኡ!» አሉ። በእኛ አገር ኡኡታ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። ባለሱቁም፣ ከማሳ የነበረውም መጣ። ከሽቦው ርቀው መንገዱን በግራም በቀኝም በእሾህ ቅርንጫፍ አጠሩት። ሴቶቹ ልጆቹን በላይኛው መንገድ ሊያመጡ ወደ ትምህርት ቤቱ ገሰገሱ።

እኔን እልህ ያዘኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ደውዬ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንድ ሰው አነሳና «የደንበኛ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አለ።

«ቁጥር የለኝም። ሽቦ ወድቆ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። መብራቱን አጥፉት።»

«ያለ ቁጥር ሲስተሙ አይቀበልም፣ እህቴ።»

ድምፅ ማጉያውን ከፍቼ ስልኩን ወደ ተሰበሰበው ሰው አዞርኩት። «እንግዲያው ለእነሱ ንገራቸው» አልኩት።

ያኔ ከላይኛው መንገድ ጫጫታ መጣ።

«ልጆች ናቸው?» አለኝ ሰውየው በስልኩ።

«አዎ፣ የእኛ ናቸው። ወረፋችንን ብንጠብቅ ኖሮ አሁን የምትሰማው ለቅሶ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ቁጥር አልጠየቀኝም። ቦታው የት እንደሆነ ጠየቀኝ።